ከባድ ሞተር በተጎታች ለማጓጓዝ፦ ከቃሊቲ እስከ ገላን የሚገኙት ዕቃዎች ሲመዘኑ

ጎልድ ዊንግ፣ ጂ ኤስ አድቬንቸር ወይም ኤሌክትራ ግላይድ የመሰለ ከባድ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሞተሩን በተጎታች ጭኖ ከከተማ የሚያወጣበት ምክንያት አያጣም። አንዱ የተበላሸውን ጋራዥ ያደርሳል፣ ሌላው ቤተሰቡን በፒካፕ ይዞ ወርዶ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ላይ መንዳት ይፈልጋል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ደግሞ ሞተሩን ከከተማ ዳር አውርዶ ከዚያ መነሳት የሚመርጥ አለ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ሁሉ ኪሎ በሁለት ጎማ የቆመ ዕቃ እንዴት አድርገን እናስረው?

የተለመደው መልስ አይሱዙ ላይ በጫኝና አውራጅ ማስጫን፣ በጎን ማቆሚያው ማስደገፍና በናይለን ገመድ መጠፈር ነው። ለትንንሾቹ የሥራ ሞተሮች ይህ ብዙ ጊዜ ያዘልቃል። ከ250 ኪሎ በላይ ለሆነ የረጅም ጉዞ ሞተር ግን አይሆንም። የጎን ማቆሚያው ለቆመ ሞተር እንጂ በጉድጓድ ላይ ለሚዘል ጭነት አልተሠራም። ናይለን ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይረዝማል። ጫኞቹም ለመያዝ የሚመቻቸው የጎን ሳጥኑና የፊት ፕላስቲኩ ስለሆነ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ይሰነጠቃል።

ከቃሊቲ ጀምሮ በቱሉ ዲምቱ አልፎ እስከ ገላን ባለው መንገድ ዳር ካሉት ብየዳ ቤቶች ተጎታች ማሠራት ይቻላል፤ ቀበቶ፣ ጋንቾና መወጣጫው ደግሞ ከመርካቶ ይገዛል። ይህ ግምገማ እነዚህን ዕቃዎች ለከባድ ሞተር ይበቃሉ ወይ በሚል ብቻ ያያቸዋል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ብዙ ገዢ ገንዘቡን ቀበቶ ላይ ያፈሳል፣ ቀበቶው የሚታሰርበትን ቀለበት ግን ዞር ብሎም አያየውም። ገንዘባችሁ በቅድሚያ መሄድ ያለበት ወደ ቀለበቱና ወደ ፊት ጎማ መያዣው ነው።

ስንት ኪሎ ነው የምናስረው?

ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂ ኤስ አድቬንቸር ነዳጁ ሞልቶ 268 ኪሎ ነው። ኬ 1600 ጂ ቲ ኤል ወደ 350 ይጠጋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ጎልድ ዊንግ ቱር 380 ኪሎ ገደማ ሲሆን ኤሌክትራ ግላይድ እስከ 400 ይደርሳል። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደረጃ ማንኛውም ጭነት ወደ ፊት በክብደቱ 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በክብደቱ 0.5 ልክ ቢገፋ እንዲያዝ ይጠይቃል። ለ380 ኪሎ ሞተር ይህ ማለት ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት 304 ኪሎ፣ ከርቭ ላይ ወደ ጎን 190 ኪሎ የሚሆን ግፊት ነው። ቀበቶው በ45 ዲግሪ ተዘቅዝቆ ሲታሰር ደግሞ ከውጥረቱ ወደ ጎን የሚሠራው ሰባት አሥረኛ ገደማው ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ታች ይጎትታል። ዕቃ ስትመርጡ እነዚህን ቁጥሮች በአእምሯችሁ ያዙ።

ተጎታቹና ቀለበቱ

በብየዳ ቤቶቹ የሚሠራው ተጎታች በአብዛኛው ባለ አንድ አክስል፣ ከአር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት የተበየደ፣ ወለሉ ላሜራ ወይም ኮምፖርሳቶ የሆነ ነው። የሻሲው ሥራ በጥቅሉ ደህና ነው፤ እጃቸው የተፈታ ባለሙያዎች አሉ። ድክመቱ ያለው ጥቃቅን በሚመስለው ነገር ላይ ነው።

ቀበቶ የሚታሰርበትን ቀለበት ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ የተረፈች ፌሮ ተቆርጣ፣ ታጥፋ፣ በሁለት ጫፏ ላሜራው ላይ ነጠብ ተደርጋ የተበየደች ናት። ይህ በሁለት ምክንያት አያስተማምንም። አንደኛ፣ ጥርስ ያለው የግንባታ ፌሮ ጥንካሬው ከካርቦኑ የሚመጣ ብዙ ዓይነት አለው፤ እንዲህ ዓይነቱ ብየዳ ሲነካውና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ተሰባሪ ይሆናል። ቀስ ብሎ አይጎብጥም፤ ቀጭ ብሎ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ፣ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የተበየደ ቀለበት ራሱ ቢጠነክር እንኳ ላሜራውን ይዞ ይነሳል። ብየዳው ዙሪያ ላይ ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ዝገት ካሳየ ብረቱ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሞተር አትሰሩ።

ማሠራት ያለባችሁ እንዲህ ነው። ቀለበቱ ጥርስ ከሌለው 12 ሚሊ ሜትር ልሙጥ ብረት ይታጠፍና በቀጥታ ከሻሲው አር ኤች ኤስ ጋር፣ በሁለቱም በኩል ሙሉ ርዝመቱን ይበየድ። ወለሉ ኮምፖርሳቶ ከሆነና ቀለበቱ በብሎን የሚያዝ ከሆነ ብሎኑ ኤም 12፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የታተመበት ይሁን፤ ከሥር ደግሞ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መዳፍ የሚያህል ላሜራ፣ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ ይግባበት። የእንጨት ብሎን በፍጹም። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ ለትርፍ ደግሞ መሐል ላይ ሁለት፣ በድምሩ 6 ቀለበት ይበቃል። ሁለቱ ወገኖች በተቻለ መጠን ከወለሉ ጠርዝ ላይ ይሁኑ፤ ቀለበቱ ወደ ሞተሩ በቀረበ ቁጥር ቀበቶው ይቆምና ወደ ጎን የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ጎማን በተመለከተ ባለ 13 ቁጥሩን አሠሩ። ትንንሾቹ ባለ 10 ቁጥር ጎማዎች ወለሉን ዝቅ ስለሚያደርጉ ለመጫን ይመቻሉ፤ ግን ኮረኮንችና የተቦረቦረ አስፋልት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፣ ኩሽኔታቸውም በፍጥነት ስለሚሽከረከር ቶሎ ይግላል። 13 ቁጥር በየትኛውም ጎሚስታ መለወጫ ይገኝለታል። የጎማው ጎን ላይ 82 የሚል የጭነት ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ እስከ 475 ኪሎ ይሸከማል፤ ሁለቱ ለአንድ ሞተርና ለተጎታቹ ከበቂ በላይ ናቸው።

ስለ ባሌስትራውም አንድ ነገር። አንዳንድ ብየዳ ቤቶች ከከባድ መኪና የወጣ ባሌስትራ ቆርጠው ይገጥማሉ። “አይሰበርም” ይላሉ፣ እውነትም አይሰበርም። ነገር ግን 600 ኪሎ ለሚሸከም ተጎታች ከመጠን በላይ ደረቅ ስለሆነ አይተጣጠፍም፤ እያንዳንዱ ጉብታ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይተላለፋል። ሞተሩ በራሱ ሞላ ላይ ሲጨመቅ ቀበቶው ለቅጽበት ይላላል፣ መዝጊያ የሌለው ጋንቾም በዚያች ቅጽበት ከቀለበቱ ይወጣል። ከቀላል ፒካፕ የወጣ ባሌስትራ አስገጥሙ፤ ቅጠሉ ከበዛም ይቀነስ።

የፊት ጎማ መያዣ

ከጠቅላላው ዕቃ ለዋጋው ብዙ የሚሠራው ይሄ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ዝም ብሎ የቆመ የብረት ቅርጽ ነው፤ ጎማው በሁለት ቱቦ መካከል ይገባና ይቆማል። ሁለተኛው ተወዛዋዥ ነው፤ ጎማው ሲገባበት መቀመጫው ወደ ፊት ይገለበጥና ከኋላ በኩል ጎማውን ያቅፈዋል፣ ሞተሩም ሳይታሰር ቀጥ ብሎ ይቆማል። አሴባይክስ የተባለው የሆላንድ ድርጅት የሚሠራው ስቴዲስታንድ የዚህ ዓይነቱ ነው፤ የኮንዶር ፒት ስቶፕም እንዲሁ። አገር ውስጥ በዚሁ አምሳያ የተበየዱም ይሠራሉ።

ለከባድ ሞተር ተወዛዋዡን ያለ ማመንታት እንመክራለን። ብቻውን የሚጭን ሰው አንድ እጁ ቀበቶ ላይ፣ አንድ እጁ መሪ ላይ ሆኖ 380 ኪሎ ሚዛን መጠበቅ አይችልም። አገር ውስጥ የተበየደውን ከመረጣችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፦ የጎልድ ዊንግ የፊት ጎማ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የጂ ኤስ ደግሞ 120 ነው። ለቀጭን ጎማ ተብሎ የተሠራ መያዣ የሰፊውን ጎማ ጎን ይቆነጥጣል፤ የፍሬን ዲስኩን የሚነካም አለ። ሁለተኛው የሚወዛወዝበት ብሎን ነው፤ ተራ ብሎን ያለ ቡሽ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የብረት ቀለበት) ከገባበት ቀዳዳው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሰፋና መያዣው ወደ ጎን መወላወል ይጀምራል። የቡሹ ሥራ ለቀጥቃጭ ወይም ለቶርኒ ቤት ቀላል ነው።

መያዣው ከወለሉ ጋር በአራት ብሎን ይታሰር። የሚቀመጥበትን ቦታ ግን ብሎን ከመብሳታችሁ በፊት ሞተሩን ጭናችሁ ወስኑ። የተጎታቹ አፍ በመኪናው የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ሞተሩ 380፣ ተጎታቹ 250 ከሆነ አፉ ላይ 63 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፤ መኪናችሁ ከዚያ ያነሰ ገደብ ካለው የመኪናው መመሪያ ይቀድማል። ለመለካት እህል መጋዘን ወይም ወፍጮ ቤት ያለ የወለል ሚዛን ይበቃል፤ የተጎታቹን አፍ በመኪናው ኳስ ከፍታ ልክ በእንጨት ደግፋችሁ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። ክብደቱ ካነሰ መያዣውን ወደ ፊት፣ ከበዛ ወደ ኋላ ውሰዱት። ኋላው የከበደ ተጎታች ፍጥነት ሲጨምር ጭራውን መወርወር ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ ቀበቶ ጠበቀ አልጠበቀ አያድንም።

ቀበቶዎቹ

መርካቶ ውስጥ “ባለ 5 ቶን” ተብሎ የሚሸጠው 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ ላይ ነጋዴም ገዢም ይሳሳታሉ። ቀበቶው ጫፍ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ገልብጣችሁ አንብቡ። ደህና ዕቃ ከሆነ ኤል ሲ (የማሰር አቅም) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 2500 ዲካ ኒውተን ተጽፎበት ታገኛላችሁ፤ ወደ 2.5 ቶን ማለት ነው። 5000 የሚለው ቁጥር ቀበቶው ጭነቱን ዞሮ ተመልሶ ሲታሰር ነው። ጨርቋ ሰማያዊ ከሆነች ቀበቶው ፖሊስተር ነው፣ አረንጓዴ ከሆነች ናይለን፣ ቡናማ ከሆነች ፖሊፕሮፒሊን። የሚፈለገው ሰማያዊው ነው። ውሃ ብዙም አይጠጣም፣ በሙሉ ጭነቱም ቢሆን በደረጃው መሠረት ከ7 በመቶ በላይ መርዘም የለበትም። ጨርቅ የሌለው፣ ወይም ቀበቶው ላይ በቀለም ብቻ “5 ቶን” የታተመበት ዕቃ ስንት እንደሚሸከም ማንም አያውቅም፤ አትግዙት።

ለሞተር 50 ሚሊ ሜትሩ ጥንካሬው ይተርፋል፣ ችግሩ ግን ራቼቱ፣ ማለትም ቀበቶውን በጠቅታ የሚያጠብቀው ብረት፣ ረጅም እጀታ ያለው መሆኑ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስታጠብቁት ምን ያህል እየጎተታችሁ እንደሆነ እጃችሁ አይነግራችሁም፤ የሞተር መከላከያ ብረት የሚጎብጠው፣ የፊት ሞላ ጥግ ድረስ የሚጨመቀው እንዲህ ነው። የ25 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን ቀበቶ ደግሞ ጨርቁ ላይ 250 ብቻ ካለው ለከባዱ ሞተር አናሳ ነው፤ ወደ 500 የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ከሆነ ያገለግላል። ልከኛው 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀጥታ ሲጎተት 1000 የሚል ዕቃ ነው። ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ከተገኘ ግን አራቱንም ከአንድ ዓይነት ግዙ። ራቼት የሌለው፣ በእጅ ተስቦ በጥርስ የሚያዘው ቀበቶ ለኋላ ጎማ ማሰሪያ ጥሩ ነው፤ ከእጃችሁ ጉልበት በላይ ሊጠብቅ አይችልምና።

ጋንቾው ክፍት ኤስ ቅርጽ ያለው ከሆነ ተዉት። በሞላ የሚዘጋ ምላስ ያለው ጋንቾ ብቻ ነው ከላይ ያልነውን የቅጽበት መላላት የሚቋቋመው። ጋንቾ በቀጥታ ሞተሩ ላይ አይሰካም፤ በመካከል ለስላሳ ቀለበት፣ ማለትም በሁለቱ ጫፍ ዓይን ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የተሰፋ ቀበቶ ይገባል። አራት ያስፈልጋል። ይህን ልባም የድንኳንና የሸራ ሰፊ ከተረፈ ፖሊስተር ቀበቶ ይሰፋዋል፣ ግን የሚሰፋበት ክር ፖሊስተር መሆኑንና ስፌቱ ሳጥን ሠርቶ መሐሉ የተቆላለፈ መሆኑን እዩ፤ በጥጥ ክር አንድ ዙር የተሰፋው በፀሐይና በዝናብ ክሩ ይበሰብሳል፣ ቀበቶው ግን አዲስ መስሎ ይቆያል።

መወጣጫው

ከሁሉም ዝቅተኛ ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ነው፤ ለከባድ ሞተር ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ አጭር ናቸው። የተጎታቹ ወለል ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነና መወጣጫው 1.5 ሜትር ከሆነ ዳገቱ 24 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የፊት ጎማ ወለሉ ላይ ሲወጣ የሞተሩ ሆድ መወጣጫው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጎልድ ዊንግ ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍታው። ርዝመቱ 2.4 ሜትር ሲሆን ዳገቱ ወደ 14.5 ዲግሪ ይወርዳል፣ ሆዱም ያልፋል። ከዚያ በታች አትቀበሉ። መንገድ ዳር ካለ የአፈር ጉብታ ጋር ተጎታቹን ጀርባውን አስጠግታችሁ ማቆም ዳገቱን ያለ ወጪ የበለጠ ይቀንሰዋል።

አንድ ቦይ ብቻ ያለው መወጣጫ ለሞተሩ ይበቃል፣ ለሰውየው ግን አይበቃም። የሚገፋው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ሁለተኛ ቦይ ከጎን ያስፈልገዋል፤ በተለይ በክረምት፣ ገላን አካባቢ ያለው ጥቁር ጭቃ ጫማ ሥር ሲያዝ። ላሜራ መወጣጫ ከሆነ ጠርዝ ያለው ቼከርድ ላሜራ ይሁን፣ ወይም ስስ አንግል ብረት በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አግድም ይበየድበት።

የመወጣጫው ትልቁ አደጋ ግን መንሸራተቱ ነው። የኋላ ጎማ ኃይል ሲያገኝ መወጣጫውን ወደ ኋላ ይረግጠዋል፣ መወጣጫው ከተጎታቹ ጠርዝ ይወርዳል፣ ሞተሩም ሆዱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መወጣጫው በሁለት አጭር ሰንሰለት ወይም ቀበቶ ከተጎታቹ ሻሲ ጋር ይታሰር። ተጎታቹ ከመኪናው ጋር ተያይዞ፣ የመኪናው የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ ገብቶ መሆን አለበት። ያልተያያዘ ተጎታች ላይ ሞተር ከኋላ ሲወጣ አፉ ወደ ሰማይ ይነሳል።

በእጅ የሚዞር ዊንች ካስገጠማችሁ ደግሞ ብዙ ጭንቀት ይቀራል። 380 ኪሎ በ14.5 ዲግሪ ዳገት ለመሳብ 95 ኪሎ ገደማ ነው የሚያስፈልገው፤ 500 ኪሎ የሚችል ዊንች ይበቃል። ገመዱ በሁለት ለስላሳ ቀለበት ከግራና ከቀኝ የሞተሩ ዝቅተኛ ጠንካራ ብረት ላይ ይያያዝ እንጂ መሪው ላይ አይታሰር። አንድ ሰው ሞተሩን ሚዛን ይይዛል፣ ሌላው ዊንቹን ያዞራል።

አስተሳሰሩ

የት እንደሚታሰር የሞተሩ የፊት አሠራር ይወስናል። ተራ ፎርክ ያለው ሞተር ከሆነ ለስላሳው ቀለበት ሁለቱን የፎርክ ዘንጎች ከታች በሚያያይዘው ወፍራም ድልድይ ላይ ይግባ፤ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ አለመታነቁን በጣታችሁ ዳስሱ። የቢኤምደብሊው ቴሌሌቨር፣ የኬ 1600 ዱኦሌቨርና የአዲሱ ጎልድ ዊንግ ባለ ሁለት ክንድ አሠራር ግን እንዲህ ያለ ድልድይ የላቸውም፣ ወይም ቀበቶ ለማስገባት አይመቹም። በእነሱ ላይ የሞተር መከላከያው ብረት ከሻሲው ጋር በብሎን ከሚገናኝበት ሥሩ አጠገብ እሰሩ። ወደ ውጭ በወጣው ክብ ጫፍ ላይ ከታሰረ ብረቱ እንደ ምሳር ሆኖ ብሎኑን ይጠመዝዘዋል።

መሪ ላይ ማሰር የብዙ ሰው ልማድ ነው። በትልልቆቹ የጉዞ ሞተሮች ላይ ግን ብዙዎቹ መሪዎች በጎሚኒ ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ የእጀታ ማሞቂያና የማብሪያ ሽቦዎች አብረዋቸው ይሄዳሉ፣ ቀበቶውም ሲወርድ የፊት ፕላስቲኩን እየፈተገ ነው የሚያልፈው። በኮረኮንች ላይ 20 ኪሎ ሜትር የፈተገ ቀበቶ ቀለሙን እስከ ነጩ ፕላስቲክ ድረስ ይበላል። ቀበቶ ፕላስቲክ መንካቱ ግድ ከሆነ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቆርጣችሁ ጣልቃ አታስገቡ፤ አቧራ ይይዝና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ንጹሕ ወፍራም ጨርቅ ይሻላል፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ሌላ ማሰሪያ ቦታ መፈለግ ነው።

ለኋላው የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያ የተያያዘበት ወፍራም ብረት አስተማማኝ ነው። የዕቃ መጫኛው፣ የጎን ሳጥኑ ማቀፊያና የተሳፋሪ መያዣው አይሆኑም።

ሞተሩ መያዣው ውስጥ ሲገባ የጎን ማቆሚያው ይታጠፍ፣ ሞተሩ ቀጥ ይበል። የፊት ሁለቱ ቀበቶዎች ወደ ፊትና ወደ ውጭ፣ የኋላ ሁለቱ ወደ ኋላና ወደ ውጭ በ45 ዲግሪ ገደማ ይዘርጉ። በመጀመሪያ አራቱንም በእጅ ብቻ ስባችሁ ልላቱን አውጡ። ከዚያ ፊት ግራ ሁለት ጠቅታ፣ ፊት ቀኝ ሁለት ጠቅታ እያላችሁ ተፈራርቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሞተሩን አዘንብሎ ያስረዋል፤ ያዘነበለ ሞተር ደግሞ በአንድ በኩል ያለውን ቀበቶ ብቻ ያሠራዋል።

የት ላይ ይቆማል? ከመጀመራችሁ በፊት ከጎማው መሐል እስከ ፊት መብራቱ ሥር ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ሲጠብቅ ርቀቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ አቁሙ። የእነዚህ ሞተሮች የፊት ሞላ ጉዞ ከ11 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥግ ድረስ ከጨመቃችሁት ሞላው የሚሠራበት ቦታ አይቀረውም፣ እያንዳንዱ ጉብታም በቀጥታ ወደ ቀበቶውና ወደ ቀለበቱ ይሄዳል፤ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒም ይጎዳል። በጣም ካላላችሁት ደግሞ ጋንቾ ይዘላል። ከኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አምስተኛው ቀበቶ በኋላ ጎማው ላይ አልፎ በሁለት በኩል ወደ ወለሉ ይታሰር፤ ጎማው በስተኋላ ወደ ጎን እንዳይዘል የሚያደርገው እሱ ነው።

ራቼቱ ዘንግ ላይ ቀበቶው ቢያንስ አንድ ዙር ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ዙር ይጠቅለል። ካነሰ ይንሸራተታል፣ ከበዛ ተደራርቦ ይቆለፍና ለመፍታት መዶሻ ያስፈልጋል። ቀበቶውን ከማጥበቃችሁ በፊት አንዴ ጠምዝዙት፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዘረጋ ነፋስ ያርገበግበውና ራቼቱን ቀስ በቀስ ያላላዋል። የተረፈውን ጫፍ ቋጥሩ፤ ከተጎታቹ ጎማ ጋር ከተጠመጠመ ቀበቶውን ሙሉ በሙሉ ይስበዋል። በመጨረሻ ሞተሩን አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡ። ባለ ዲሲቲው (ያለ ፍሪሲዮን እጀታ ማርሽ የሚቀይረው) ጎልድ ዊንግ ከሆነ የማቆሚያ ፍሬኑን ያዙ። ማንቂያ ደወል ካለው አጥፉት፣ አለዚያ ባትሪው መንገድ ላይ ያልቃል።

ከዚያ ተጎታቹን ሳይሆን ሞተሩን ይዛችሁ በጎን ወዝውዙት። ሞተሩና ተጎታቹ እንደ አንድ አካል አብረው መወዛወዝ አለባቸው። ሞተሩ ለብቻው ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ አስተሳሰሩ አላለቀም።

መንገድ ላይ

የመጀመሪያው ምርመራ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሁን። ከቃሊቲ ለተነሳ ሰው ቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ ከመግባቱ በፊት፣ በሰሜን ለሚወጣ ሱሉልታ ጥሩ ማቆሚያ ነው። አዲስ የታሰረ ቀበቶ ሁልጊዜ ትንሽ ይላላል፤ ቋጠሮው ይገባል፣ ሞላው ይረጋጋል። የተጎታቹን ኩሽኔታ በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ሞቅ ማለቱ ደንብ ነው፣ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ግን ግሪስ የለውም ወይም ከመጠን በላይ ጠብቋል። ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ እንደሚሠሩ እዩ፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዙት ሁለት ሰንሰለቶችም ከአፉ ሥር ተቆላልፈው ይሁኑ፤ አፉ ቢወልቅ ሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱን አይወጋም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ተለይቶ ይጠንቀቅ። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ሙሉ ክብደቱን በመኪናው ፍሬን ላይ ይጥላል፣ ሞተሩም ያለማቋረጥ የፊት መያዣውን ይገፋል። ከመውረዳችሁ በፊት መያዣው የተያዘባቸውን አራት ብሎኖች በመፍቻ ፈትሹ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ደግማችሁ ቀበቶዎቹን እዩ።

ቀበቶዎቹን ከጉዞ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁ። የዚህ ከፍታ ፀሐይ ፖሊስተርን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ቀለሙ የገረጣ፣ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሽ ወይም ጠርዙ የተቀደደ ቀበቶ ለሌላ ሥራ ይዋል። ራቼቱ ውስጥ የገባ አቧራ በናፍጣ ሳይሆን በደረቅ ብሩሽና በጥቂት ቀጭን ዘይት ይጽዳ።

ማውረድ

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፣ ሰው ደርሻለሁ ብሎ ስለሚዘናጋ። በመጀመሪያ የኋላ ጎማው ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የኋላ ሁለቱ ይፈቱ። የፊቶቹን ስትፈቱ የተጨመቀው ሞላ ሞተሩን በድንገት ያነሳዋል፤ አንድ ሰው መሪውን ይዞ የፊት ፍሬኑን ተጭኖ ይጠብቅ፣ ሁለተኛው ሰው ሁለቱን ራቼቶች ተራ በተራ ቀስ ብሎ ይልቀቅ።

ወደ ኋላ በመወጣጫው ሲወርድ የፊት ፍሬን አይታመንም። ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚሄድ የፊት ጎማው ፍሬን ሲያዝ ተቆልፎ ይንሸራተታል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ አንደኛ ውስጥ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑን ጥቂት ጥቂት እየለቀቁ መውረድ የኋላ ጎማውን እንደ ፍሬን ይጠቀምበታል። ዲሲቲው ሞተር ሲጠፋ ማርሽ ስለማይዝ ይህ አይሠራለትም፤ እሱን በዊንቹ ገመድ ከፊት ያዙትና በዊንቹ እየለቀቃችሁ አውርዱት። የኋላ ጎማው መሬት ሲነካ መወጣጫው ላይ የቀረው የፊት ጎማ ቀጥ ማለቱን አይታችሁ እንጂ መሪውን አታዙሩ፣ የጎን ማቆሚያውንም ሁለቱም ጎማዎች መሬት ላይ ሳይሆኑ አታውርዱ።